የዐረፋ ኖራ

ዐዚዛ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታዋ በፊት ግድግዳውን ታያለች። ከጣሪያው ሥር ጀምራ ሰው እስከሚቀመጥበት ነደባ ድረስ በዓይኗ ትወርድና በመዳፏ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ታቀናለች። ድምፁ ካልጣማት «ይሄ ቤት ሰው ይፈጃል» ትላለች፤ የሰርግ ቤት ይሁን የለቅሶ ቤት ግድ የላትም። አንድ ኒካህ ላይ እንዲህ ብላ የሙሽራዋን እናት በሰው ፊት አስለቅሳለች። ኤረር በር አጠገብ ቅመም ስትሸጥም ያው ናት፤ ዋጋ የሚከራከራትን ገበያተኛ ሚዛኗን ወደ ኋላ አድርጋ «ሂድ ከፊቴ» ትለዋለች። የጀጎል ሰው ይችላታል። ፊቷ ላይ «ምን ታድርግ፣ ልጇን የቀበረች ናት» ይላሉ፤ ዞር ስትል ደግሞ «አቦ አሁንስ አበዛችው» ይላሉ፣ ለሐዘን መስፈሪያ ያላቸው ይመስል።

ሪሃና የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዐረፋ ካለፈ በኋላ በገባው ክረምት ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ፈተናዋን ጨርሳ መጣችና ቂርጣጥ በሚሏት ትንሿ የጎን ክፍል ውስጥ ጋደም አለች። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከቀትር በኋላ የክፍሏ የኋላ ግድግዳ ከነድንጋዩ ተናደ። ዐዚዛ ጓዳ ነበረች። ጎረቤት ተጯጩሆ ሲደርስ ድንጋዩን በባዶ እጇ እያነሳች ወደ ኋላ ስትወረውር አገኟት፤ ሁለት ጥፍሯ ተነቅሎ ነበር።

አፎቻዋ፣ በደስታም በሐዘንም አብረዋት የሚቆሙት የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር፣ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። አጥበዋል፣ ገንዘዋል፣ አብስለዋል፣ አብረዋት አድረዋል። በዚህ ማንም አያማቸውም። አፋቸው ነው እንጂ። አፈሩ ከጥፍሯ ሥር ሳይወጣ «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሏት። ልታለቅስ አፏን ስትከፍት «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ እንዳታማርሪ» አሏት። ሐጃ ነኢማ፣ የአፎቻዋ ታላቅ፣ ትከሻዋን ይዘው «ልጅሽ ጀነት ናት፣ በእንባሽ አታስቸግሪያት» አሏት። ዐዚዛ በቀደር ታምናለች፤ ጠቧ ከአላህ ጋር አልነበረም። ጠቧ የእሱን ቃል አንስተው አፏ ላይ ከከደኑባት ጋር ነው። እንባዋን ዋጠችው። የተዋጠው እንባ ደግሞ የትም አልሄደም፤ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

ግድግዳው እንደገና ተሠራ። ዐዚዛ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቷን ኖራ ቀብታ አታውቅም። ዐረፋ ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ሲለብስ የእሷ ቤት እንደ ከሰል ጆንያ ጠቁሮ ይቆማል። የተበጠበጠ ኖራ ሲሸታት ታስመልሳለች። ማታ በሩ ሥር ተቀምጣ ታንጎላጃለች እንጂ አትጋደምም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ፣ እንግዳም ቢሆን፣ እየጎተተች መንገድ ላይ ታወጣለች። ለምን ቢሏት «ጥንቃቄ ነው» ትላለች። ባሏ ዐብዱልወሃብ ልብስ ሰፊ ነው፤ በስፌት መኪኖቹ ጫጫታ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል፣ ማታ ይመጣል፣ ዝናብ ከጣለ እንድትጎትተው እጁን ይሰጣታል። አንድም ቀን ምንም ብሏት አያውቅም። ይሄ ዝምታው ከሁሉ በላይ ደሟን ያፈላው ነበር።

በዘንድሮው በልግ ታላቋ ልጇ አፍራ መጣች። አፍራ ከግንቡ ውጭ ከባሏ ጋር የምትኖር፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ሆዷ የገፋ ሴት ናት። የግራ እጇ አንጓ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዐዚዛ ለአራስነቷ ያስቀመጠችውን ማርና ቅቤ ልታሳያት ስትነሳ ልጅቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ኡሚ፣ ተቀመጪ። የአራስነቴን ጊዜ አማቴ ቤት ነው የማሳልፈው።»

እንግዲህ የመጀመሪያ ልጅ የወለደች ሴት የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። አማት ቤት የምትታረስ እናቷ የሞተችባት ናት፣ ወይም እናቷን የማታምን። ዐዚዛ ይሄን ለማወቅ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

«እኔ ሞቻለሁ?» አለች።

«አልሞትሽም።»

«ታዲያ ሰው ምን ይላል? ዐዚዛ አንዷን ቀበረች፣ አንዷ ሸሸቻት እንዲል ነው?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ያለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጥል ጎትተሽ አወጣሽኝ። ድንጋዩ አዳልጦኝ ወደቅኩ። በሆዴ ብወድቅስ ኖሮ?»

«ላድንሽ ነው!»

«ከምን?» አለች አፍራ። ድምፏን ከፍ አደረገች፤ እሷም የእናቷ ልጅ ናት። «ግድግዳው አልወደቀም። ደግሞ አፍራ አላልሽኝም። ‹ሪሃና ውጪ፣ ሪሃና ውጪ› ነበር የምትዪው። እስከ መንገዱ ድረስ።»

«ውሸት ነው።»

«አባ ሰምቷል። ጠይቂው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትዪው። ለእንግዳም።»

ዐዚዛ ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ባሏ ዞረች። ዐብዱልወሃብ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና መሬት መሬት አየ። መልሱ ያ ነበር።

አፍራ ቀስ ብላ ተነሳች። «ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ልቦና ሐኪም አለች፤ የጎረቤቴን ልጅ የረዳች። ወደሷ ሂጂ። ከሄድሽ እመጣለሁ። ካልሄድሽ ልጄን ይዤ በዝናብ ቀን እዚህ ቤት አልገባም። ወላሂ አልገባም።»

ዐዚዛ ሆስፒታል የሄደችው ለመታከም እንዳይመስላችሁ። የሄደችው እብድ አለመሆኗን የሐኪም ምስክር ይዛ ልጇን ልታሳፍር ነው። ተራዋን ስትጠብቅ ከተራ አስያዡ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከጎኗ ከተቀመጠው ሰውዬ ጋር አንድ ጊዜ ተጣላች። ስትገባም ከሰላምታ በፊት ግድግዳውን አየች። ጥግ ላይ እርጥበት አለ። የተሰጣትን ወንበር አንስታ በሩ ሥር ወስዳ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

ሐኪሟ ሰገነት የምትባል፣ ከተማው ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ አንገቷ ላይ ክር ያሰረች ክርስቲያን ናት። ገና ወጣት ናት። የራሷን ወንበር አንስታ መጥታ በሩ ሥር አጠገቧ አደረገች።

«ስለ ሰብር ልትነግሪኝ ከሆነ እንዳትደክሚ» አለቻት ዐዚዛ።

«አልነግርዎትም። ማን ነው እሱን ያለዎት?»

«ያላለኝ ማን አለ?»

«ተናደዱባቸው?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ባጭሩ ልትመልስ ጀመረች፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ሐጃ ነኢማ ጋ አልደረሰችም ነበር። ምስክሩንም ሳትጠይቅ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄደች፣ በሚቀጥለውም። ሰገነት የምትለው ነገር ብዙ አልነበረም፤ የምትለው ግን ያናድዳል። ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ አስነገረቻት፤ ከዚያ እንዲህ አለቻት፦

«እብደት አይደለም። ስም ያለው፣ የሚታከም ጉዳት ነው። ሰውነትዎ ዝናቡን ሲሰማ ሦስት ዓመት ማለፉን አያውቅም። ያኔ ላልደረሰላት ልጅዎ አሁን ሊደርስላት ይሮጣል። የእንቅልፉ ማጣትም፣ ማስመለሱም፣ ቁጣውም ከዚያው ነው።»

«ቁጣዬን ተዪልኝ። ቁጣዬ የራሴ ነው።»

«እሺ፣ ቁጣው የራስዎ ይሁን። መጎተቱስ?»

ዐዚዛ የራሷን አንጓ በጣቶቿ ያዘች። የአፍራ ፋሻ ዓይኗ ላይ መጣባት።

ሰገነት መልመጃ ሰጠቻት። ዝናብ ሲጀምር እግሯን መሬት ላይ ጫን አድርጋ፣ ግድግዳውን ነክታ፣ ያለችበትን ቦታና ቀኑን ጮክ ብላ እንድትናገር። አጠገቧ ያለውንም ሰው በስሙ እንድትጠራ። «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?» አለቻት ዐዚዛ። ሰገነት ሳቀች፤ ዐዚዛ ግን አልሳቀችም። ቤቷ ሄዳ ሞከረችው። መጀመሪያ አልሠራም፤ ዐብዱልወሃብን እስከ መንገዱ ጎተተችው። ቀጥሎ እስከ በሩ ብቻ። በሦስተኛው ዝናብ የነደባውን ጠርዝ ጨብጣ እዚያው ቀረች፤ ሲያባራ ቀሚሷ በላብ ረጥቦ ነበር። ያን ዕለት ሰማዩን ሳይቀር ሰደበችው።

ከዚያ ሰገነት ያልተጠየቀውን ጠየቀች።

«የኖራውን ነገር ይንገሩኝ። ኖራ ለምን ያስመልስዎታል?»

ዐዚዛ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ወጣች። በሩን አልዘጋችውም፤ ደበደበችው ማለት ይቀላል። ሁለት ሳምንት ቀረች። ዐረፋ እየተቃረበ ነበር፤ ሰፈሩ ኖራ እየበጠበጠ ነበር፤ በየደረሰችበት ይሸታታል። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ ያንኑ ወንበር ያዘች። ሰላምታም አልሰጠች።

«ስንጥቅ ነበረ» አለች። «ከዐረፋ በፊት። ከሪሃና መኝታ በላይ። ጣቴን አስገብቼበታለሁ፣ እስከ ግማሽ ገብቷል። ለዐብዱልወሃብ ነገርኩት። ‹ከዐረፋ በኋላ እናስከፍተዋለን፣ ለበዓል ማን ግድግዳ ያፈርሳል› አለ። ሐጃ ነኢማም አይተውታል። ‹ኖራ ደርቢበት፣ እንግዳ ይመጣል› አሉኝ። ደረብኩበት። አንዴ ብቀባው ይታያል። ሦስቴ ደረብኩበትና ጠፋ። የሌለ መሰለ።» እጆቿን አየቻቸው። «ባልዲውን የምታቀብለኝ ሪሃና ነበረች። ‹ኡሚ፣ አማረ› አለችኝ።»

ሰገነት «ያ ኖራ...» ስትል ዐዚዛ እጇን አነሳች።

«ልብሽ እንደዚያ ግድግዳ ነው እንዳትዪኝ። እኔ የማወራው ስለ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ነው ልጄን የገደላት።»

«አልልም» አለች ሰገነት፤ ልትል የነበረው ግን እሱን ነው። ጆሮዋ ቀላ። «ሌላ ነገር ልጠይቅዎት። ሰፈሩ ውስጥ ስንጥቅ ሲገኝ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ኖራ ይቀባል። እናቴም እንደዚያ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው። ከበዓል በኋላ ይባልና ይረሳል።»

«ለሰው ሁሉ ልማድ ግን ብቻዎን ነው ሦስት ዓመት የተቀጡት።»

ጥፋት የለብሽም ብትላት ዐዚዛ ዳግም አትመጣም ነበር። ይሄኛው ግን ሆዷ ውስጥ ገባ። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ አልሄደችም፤ በጀጎል መንገድ ቁልቁል መኪና ግርግር ሄደች። ዐብዱልወሃብ የሰው ሱሪ ላይ አጎንብሶ ነበር። የስፌት መኪናው ፊት ቆመች።

«ስንጥቁን አይተኸው ነበር።»

እግሩ መርገጫው ላይ ቆመ።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ከዐረፋ በኋላ ያልኩት እኔ ነኝ። እስክትጠይቂኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ? እኔ ብቻዬን ገደልኳት ብዬ ስበሰብስ አንተ እጅህን እየሰጠኸኝ ዝም?» ጩኸቷ ጫጫታውን በለጠው፤ የጎረቤቶቹም መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። «አፍ የለህም? ለምን አልተናገርክም?»

«እኔንም ሰብር አድርግ አሉኝ» አለ ዐብዱልወሃብ። «ወንድ አያለቅስም አሉኝ። አንቺን ሳይሽ ብናገር የምትወድቂ መሰለኝ።» እንደገና ሱሪው ላይ አጎነበሰ፤ ለመስፋት ግን አልነበረም።

ዐዚዛ ብዙ ስድብ ይዛ ነበር የመጣችው። ግማሹን ሰደበችው፤ ይገባዋል። ከዚያ ሱሪውን ከእጁ ወሰደችና «ተነስ፣ ቤት እንሂድ» አለችው።

ዐረፋ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰፈሩ ኖራውን ሲቀባ፣ እነሱ ኖራቸውን ፋቁት። ከከተማው ውጭ ካለችው ሶፊ ግንበኛ ተጠርቶ መጣ። ከአያቶቿ ዘመን ጀምሮ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበው ኖራ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ሽታው ሲነሳ ዐዚዛ ውጭ ሮጣ አስመለሰችና አፏን ጠርጋ ተመለሰች። ከሥሩ ማንም ያላወቃቸው ሁለት ስንጥቆች ተገኙ፤ ተከፈቱ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ታሰሩ። ከዚያ ቤቱ እንዳለ፣ ድንጋዩ እንዳገጠጠ ተተወ። መንገደኛው እየቆመ ያያል። «ለበዓል ቤቷን ራቁቱን አቆመችው» ተባለ።

የዐረፋ ዕለት ከሶላት በኋላ የአፎቻዋ ሴቶች እንደ ወጉ መጡ። አፍራም ከባሏ ጋር መጥታ ነደባው ላይ ተቀምጣለች፤ ልትወልድ ቀናት ነው የቀሯት። ሐጃ ነኢማ ዙሪያውን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ለዐረፋ እንኳን ኖራ አጣሽ?»

«አላጣሁም፣ ሐጃ። ያ ግድግዳ ስንጥቅ ነበረበት። እኔም አይቻለሁ፣ ዐብዱልወሃብም አይቷል፣ እርስዎም አይተዋል። ደርቢበት አሉኝ፣ ደረብኩበት። ሪሃና ሥሩ ተኛች።» አልጮኸችም። «ጥፋቱን ለእርስዎ ብቻ አልሰጥም። ለብቻዬም አልሸከመውም። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚመጣ እንግዳ ድንጋዩን ያያል። እናንተም ሄዳችሁ የልጆቻችሁን መኝታ ቤት ግድግዳ ፍቃችሁ እዩ።»

ሐጃ ነኢማ የያዙትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡት። ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። ዐዚዛ አላባበለቻቸውም።

ዝናቡ የመጣው በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ዐዚዛ ስትነሳ ራሷም አላወቀችም። የአፍራን እጅ አንጓ፣ ያንኑ የዳነውን፣ ይዛለች። «ሪሃና ውጪ» አለች፤ አሁን ግን ቃሉን በራሷ ጆሮ ሰማችው።

አፍራ አልተነሳችም። እጇንም አልነጠቀችም። «ኡሚ፣ እኔ አፍራ ነኝ» አለች።

ዐዚዛ በሌላ እጇ ግድግዳውን ፈለገች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ ደረቅ ነው። እግሯን መሬቱ ላይ ተጫነች።

«ዛሬ ዐረፋ ነው» አለች። «ቤቴ ነኝ። አንቺ አፍራ ነሽ።» የቀረውን ቃል ማንም አላስተማራትም። «ሪሃና የለችም። ሪሃናዬ የለችም።»

እዚያው፣ አፎቻዋ ፊት፣ ሦስት ዓመት የዋጠችውን አለቀሰች። እያለቀሰች ትሳደብ ነበር፤ ግድግዳውን፣ ኖራውን፣ በዓሉን፣ ዐብዱልወሃብን፣ ራሷን። ከሴቶቹ አንዷ እጇን ዘርግታ «ሰብር...» ልትል ስትጀምር ሐጃ ነኢማ ጉልበቷን ያዙና አስቆሟት። «ተዪያት፣ ታልቅስ» አሉ።

ዝናቡ ቆየ። ማንም ከቤት አልወጣም። ሲያባራ ዐዚዛ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና የያዘችውን እጅ አየችው፤ ቀይ ምልክት ጥላበታለች።

«አሳመምኩሽ?»

«ትንሽ» አለች አፍራ። «ስታረስ የምተኛው የት ነው?»

ዐዚዛ ዞር ብላ ነደባውን፣ ድንጋዩን፣ በሩን አየች። «እዚህ፣ ከእኔ ጎን» አለች፤ ከዚያም ወደ ዐብዱልወሃብ ዞራ ጮኸች፣ «ምን ትገተራለህ? ፍራሹን አምጣ እንጂ።»